ጣራ ያለው ፊደል

ተማሪዎቿ በሌለችበት «ማስመሪያ» ይሏት ነበር። አንድም አንገቷን ሳትሰብር ቀጥ ብላ ስለምትሄድ፣ አንድም ሰሌዳ ላይ በባዶ እጇ የምታሰምረው መስመር ከማስመሪያ ስለማይለይ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ስትወጣ፣ በስንብቱ ግብዣ ላይ ንግግር የሚያደርግ አንድ የድሮ ተማሪዋ አፉ አምልጦት በማይክሮፎን «እናታችን ማስመሪያ» አላት። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ስትስቅ ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ የደጅ ስም መሆኑ ቀርቶ የፊት ስም ሆነ።

ጡረታ በወጣች በስድስተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከኮሌጁ አንዲት ወጣት መምህርት ቤቷ መጣች። የሒሳብ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጅ ልጅ ናት። ወንበር ይዛ ገና ሳትደላደል ከቦርሳዋ አንድ መጽሐፍ አወጣች፤ ሽፋኑ የደበዘዘ፣ ጠርዙ የተበላ፣ በማባዣ መኪና የተባዛ መጽሐፍ። ማስመሪያ ከሩቁ አወቀችው። የራሷ ነው። የቡድን ንድፈ ሐሳብን ለመጀመሪያ ጊዜ በአገሩ ሰው ቋንቋ ያስተማረው መጽሐፍ።

«የእያንዳንዱን ቃልና የእያንዳንዱን ምልክት መነሻ ነው የምጽፈው» አለች አዘጋጇ። «የውጪዎቹ ብዙ አላስቸገሩኝም። ምንም የማይለውጠውን አባል ‘ኢ’ ብለን የምንጽፈው ከጀርመንኛ ነው፤ አንድነት ከሚል ቃል። የቡድኑን መሃል በ‘ዜድ’ መጻፋችንም ከዚያው ነው። ‘ቡድን’ ራሱ ከፈረንሳይኛው ቃል ተተርጉሞ የመጣ ነው። ቅደም ተከተል የማያሳስባቸው ቡድኖች ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመቱ በሞተ ሰው ስም ነው የሚጠሩት፤ በሕይወት ሳለ ይህን ክብር አላየም። የቸገረኝ የእርስዎ ነው።»

«የኔ ምኑ?»

አዘጋጇ አርባ አንደኛውን ገጽ ገለጠች። «ሌላው ዓለም ‘መደበኛ ንዑስ ቡድን’ የሚለውን እርስዎ ‘ቤተኛ’ ብለውታል። ምልክቱም የሌላው ዓለም አይደለም፤ ፊደሉ አናት ላይ ጣራ ሠርተውበታል። በሁለተኛው እትም መግቢያ ላይ ‘ከብዙ ማሰላሰል በኋላ ቃሉንም ምልክቱንም መርጫለሁ፤ ጣራው የንዑስ ቡድኑን ዝግነት ያመለክታል’ ብለው ጽፈዋል። እንደዚያ ብዬ ልዝጋው ወይስ የሚጨምሩት አለ?»

ማስመሪያ የሻዩን ብርጭቆ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። አፏን ከፈት አድርጋ ነበር። ግን ልጅቷ እስክሪብቶዋን ወድራ እንዲህ በአክብሮት ስታያት ጊዜ እውነቱን መናገር ከበዳት።

«እንደዚያው ይሁን፣ ልጄ» አለች።

«እኔ እኮ ለተማሪዎቼ ጣራውን ብቻ ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ይፈጅብኛል» አለች አዘጋጇ እየጻፈች። «እንዴት ያለ ጥልቅ ሐሳብ ነው!»

በሩን ዘግታ ከሸኘቻት በኋላ ማስመሪያ ወንበሩ ላይ ዝርግት አለች። ጥልቅ ሐሳብ! ጣራው የመጣው ከስስ ወረቀት ነው። ቃሉም ቢሆን ከእሷ አፍ አልወጣም። ሁለቱም የታናሽ እህቷ የጭራሮ ናቸው።

ጭራሮ የቤት ስሟ ነው፤ ልጅ ሆና ከስታ ከስታ ስለነበር አባታቸው ያወጣላት። እናታቸው ስትሞት ማስመሪያ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ጭራሮ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አባትየው ቀድሞ ሞቷል። ስለዚህ ታላቅየዋ ታናሽየዋን አምጥታ ኮሌጁ በሰጣት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንደ እናትም እንደ እህትም ሆና አሳደገቻት። ጭራሮ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ውጤቷ ለጥቂት አልሞላም፤ የጽሕፈት መኪና ተማረችና እህቷ በምታስተምርበት ክፍል ታይፒስት ሆና ተቀጠረች። ሰው ሁሉ «እድለኛ ናት» አለ። እሷም አላማረረችም።

መጽሐፉ ሲጻፍ ጭራሮ ሃያ ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ ማተሚያ ቤት የሚባል ነገር የሩቅ ሕልም ነው፤ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት፣ ስቴንስል የሚሉት፣ በጽሕፈት መኪና ተመትቶ በማባዣው ላይ ይዘረጋል፤ ፊደሉ በቆረጠው ቀዳዳ ቀለሙ ሾልኮ ባዶ ወረቀት ላይ ያርፋል። ማስመሪያ በእጇ የጻፈችውን ከሰዓት በኋላ እያመጣች ትሰጣታለች፣ ጭራሮ ትመታለች። ሌላ ታይፒስት ቢሆን ያየውን መትቶ ዝም ይላል። ጭራሮ ግን ያልገባት ነገር በጣቷ አይወጣም።

«እትዬ፣ ይሄ ቡድን ቡድን የምትይው የኳስ ነው?» አለች በመጀመሪያው ቀን።

ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው የብስኩት ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ክዳኑን አነሳችና አንድ ሩብ አዞረችው። «ይሄ አንድ ሥራ ነው። ግማሽ ባዞረው ሌላ ሥራ ነው። ብገለብጠው ሌላ። አንዱን ሠርቼ ሌላውን ብደርብበት የሚወጣው ከነዚሁ አንዱ ነው፤ ከማኅበሩ አይወጣም። ለእያንዳንዱ ሥራ ደግሞ የሚያፈርሰው ሥራ አለው።»

«ምንም አለመሥራትስ?»

«እሱም እንደ ሥራ ይቆጠራል። ያለ እሱ ቡድን አይሆንም።»

«የመዝገብ ቤቱ ሹማችን አለበታ!» አለች ጭራሮ፤ ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጭራሮ እጇን ከመኪናው አነሳች። «‘መደበኛ’ ማለት ምንድን ነው እዚህ ጋ?»

«እየውልሽ። ንዑስ ቡድን በትልቁ ቡድን ውስጥ ያለ ትንሽ ቡድን ነው። ከንዑስ ቡድኑ ውጪ ያለ አንድ ሥራ ትሠሪያለሽ። ከዚያ ከንዑስ ቡድኑ አንዱን ትሠሪያለሽ። ከዚያ የመጀመሪያውን ታፈርሺዋለሽ። ይህን ሁሉ ዞረሽ የምታገኚው መልሶ ከዚያው ከንዑስ ቡድኑ ውስጥ ከሆነ፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ከሆነ፣ መደበኛ ይባላል።»

«ታዲያ ምኑ ነው መደበኛ? የትም ወጥቶ ዞሮ ቤቱ የሚገኝ ከሆነ ቤተኛ ነዋ።»

ማስመሪያ ‘መደበኛ’ን ሰርዛ ‘ቤተኛ’ ብላ ጻፈች። የውጪዎቹን መጻሕፍት ሁሉ አገላብጣ ሁለት ወር የፈለገችው ቃል ነበር። በዚያው ሳምንት ጭራሮ እኩል እኩል ሆነው፣ ሳይደራረቡ፣ ቡድኑን ሞልተው የሚሰፍሩትን ክፍሎች «ጎረቤት በያቸዋ፤ መንደር እኮ ነው የሠራሽው» አለችና እሱም ገባ።

ምልክቱ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ማስመሪያ በእጅ ጽሑፏ ላይ እንደ ሌላው ዓለም በጎኗ የተኛች ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነበር የምታደርገው። የጽሕፈት መኪናው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ጭራሮ በሹል ብረት ስቴንስሉ ላይ በእጇ መሣል ነበረባት። ግን ሦስት ማዕዘኑ ሦስት ጎኑ ከተቆረጠ መሃሉ ተቦጭቆ ይወድቃል፤ ቀለሙ በቀዳዳው ይፈስና ገጹ ላይ ጥቁር እድፍ ይሆናል። አራት ስቴንስል ተበላሸ። በአምስተኛው ጭራሮ ሦስት ማዕዘኑን ትታ ፊደሉ አናት ላይ ሁለት ጭረት ብቻ አደረገች፤ እንደ ጣራ፣ ከታች ክፍት።

«ቤተኛ አይደል? ጣራ ይኑረዋ» አለች።

መጽሐፉ ሁለት መቶ ቅጂ ተባዝቶ ወጣ። ቋንቋው ተወደደ፤ ከሌሎች ኮሌጆች ደብዳቤ ጎረፈ። ማስመሪያ በመጀመሪያው እትም መግቢያ የኮሌጁን ዲን አመሰገነች፣ ባልደረቦቿን አመሰገነች፣ ወረቀት የፈቀደውን ክፍል አመሰገነች። እህቷን ያላመሰገነችው ረስታ አይደለም፤ «የገዛ እህቷን ታመሰግናለች» እንዳይሏት አፍራ ነው። ቢያንስ ለራሷ ያለችው እንደዚያ ነበር። ሁለተኛው እትም በማተሚያ ቤት ሲታተም ግን «ማሰላሰል» የሚለውን ቃል ስትጽፍ አላመነታችም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ዕለት እንደዚያ ባልተዘረረች። በመሃሉ ሌላ ነገር አለ።

መጽሐፉ በወጣ ዓመት ኮሌጁ ለሠራተኞቹ የማታ ትምህርት ከፈተ። ጭራሮ ተፈተነች፤ ከአርባ ሰባት ሠራተኞች ሦስተኛ ወጣች። ሒሳብ ልትማር ነው። የቀረው አንድ ቅጽ ብቻ ነበር፤ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ እንድትወጣ የክፍሉ ኃላፊ የሚፈርምበት። በዚያ ወቅት ተጠባባቂዋ ኃላፊ ማስመሪያ ነበረች። ቅጹ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ለአዲሱ ዓመት መድረስ አለበት፤ ከጭራሮ ሌላ ያን ጽሑፍ የሚመታ ሰው በዓይንም የለም። ነገ እፈርማለሁ አለች። ከነገ ወዲያ አለች። ከዚያ ቅጹን ማየት አስጠላትና ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከፈተና ወረቀት ሥር አስገባችው። ቀነ ገደቡ አንድ አርብ አለፈ።

ጭራሮ ሰኞ ጠዋት መጥታ «እትዬ፣ ምን ሆነ?» ስትላት «ዲኑ አልፈቀደም» አለች። «ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናል።»

በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጁ ትምህርቱን ዘጋው። ጭራሮ አንድ ቀያሽ አግብታ ወደ እሱ ከተማ ሄደች። ሁለቱ እህትማማቾች ተጣሉ የሚል ሰው አልነበረም። በስልክ ይጠያየቃሉ፤ ለቅሶ ሲኖር ይገናኛሉ። ብቻ ወሬያቸው አጭር እየሆነ ሄዶ ከጤናና ከዝናብ አያልፍም ነበር።

ሐሙስ አለፈ፣ አርብ አለፈ፣ ቅዳሜና እሁድ አለፉ። ማስመሪያ ሰኞ በጠዋት ተነስታ አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱ ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

የጭራሮ ሱቅ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ይላል። ባለጉዳዩ አቤቱታውን በቃል ይነግራታል፣ እሷ ትጽፍለታለች። ማስመሪያ በሩ ላይ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ፊቷ ተቀምጠው እያስጻፉ ነበር።

«‘ጎረቤቴ በደለኝ’ አይበሉ፣ አባቴ» ትላቸዋለች ጭራሮ። «‘ድንበሬን ሁለት ክንድ አለፈ’ ይበሉ። ዳኛ የሚለካ ነገር ይወዳል። ብሶቱን መጨረሻ ላይ እናስገባዋለን።» ቀና ስትል እህቷን አየች። ፊቷ ልውጥ አለ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምነው?»

«ላይሽ ነው የመጣሁት።»

ጭራሮ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ አቀፈቻት። «ምን ታዪያለሽ? ጭራሮው ግንድ ሆነ እኮ» አለች ወገቧን እየመታች። እውነትም ወፍራ ነበር፤ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ሽማግሌውን ሸኘችና ሱቁን አጠጋግታ ከኋላ ካለችው ጠባብ ክፍል አስገባቻት። በወረቀት ካርቶኖች መካከል ሁለት በርጩማ አለ። ሻይ ቀዳችላት።

ማስመሪያ መጀመሪያ የመጣላትን ተናገረች፤ ስለ መዝገበ ቃላቱ፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ ጣራው። «ያንቺ መሆኑን አልነገርኳትም። መግቢያውም ላይ ያኔ ዋሽቻለሁ። አሁን ላስተካክለው ነው፤ ስምሽ ይገባል።»

ጭራሮ ሳቀች። «እስካሁን ያን ጣራ ይሠሩበታል? እኔ እኮ ለስቴንስሉ ብዬ ነው።»

«ለተማሪ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያስተምሩታል።»

ይህን ጊዜ ጭራሮ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ማስመሪያም አብራት ልትስቅ ሞከረች፤ ግን ዋናው ነገር ገና አልተነገረም ነበር።

«ሌላም አለ» አለች። «የማታው ትምህርት ቅጽ። ዲኑ አልነበረም ያልፈቀደው።»

ጭራሮ መሳቋን አቆመች። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ሦስተኛው መሳቢያ። እትዬ፣ ያን መሳቢያ የማስተካክለው እኮ እኔ ነበርኩ። የፈተና ወረቀት ላወጣ ስከፍት አየሁት። ገና አምስት ቀን ይቀር ነበር።»

ከውጪ የሆነ ሰው የሱቁን በር ቆረቆረ፤ መልስ ሲያጣ ሄደ።

«ለምን ዝም አልሽ?» አለች ማስመሪያ።

«ትፈርሚዋለሽ ብዬ ነዋ። በየቀኑ ከፍቼ አየው ነበር። አርብ ከሰዓት በኋላም አየሁት። ከዚያ ደግሞ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ዓመት ነው የጠበቅኩት። ሳትነግሪኝ ስትቀሪ ባል አገባሁ።» ድምጿ ከፍ አላለም። «አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ። ካሳደገኝ ሰው ጋር በምን አፌ ልጣላ?»

«ጭራሬ…»

«ስሚኝ። ቤተኛ ያልኩት ስጫወት ነው። ቃሉን ውሰጂው፣ ስሜም ባይገባ ግድ የለኝም። መማር የፈለግኩት ግን ለጨዋታ አልነበረም።»

ማስመሪያ «ይቅር በይኝ» አለች። ጭራሮ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺታ ይሁን እምቢታ አልለየም። ቆይታ ተነሳችና «ስሜን ካስገባሽ ግን» አለች ጀርባዋን ሰጥታ ካርቶን እያቃናች፣ «ታይፒስት ብለሽ አታስገቢኝ። ልሆን የነበረው የሚጻፍበት ቦታ ካለ እዚያ አስገቢኝ።»

በዚያ ምሽት ቤቷ ወስዳ አበላቻት፤ የራሷን አልጋ ለቀቀችላት። ስለ ጉዳዩ ሌላ ቃል አልወጣም። የሚያስጨንቀውም ይኸው ነበር፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ጠዋት አውቶቡስ መነኻሪያው ድረስ ሸኘቻት። አውቶቡሱ እስኪሞላ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጭራሮ ድንገት «ያ የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል እንዴት አለቀ?» አለቻት። «እኔ ሳገባ ጎረቤቶቹን እያንዳንዳቸውን እንደ አንድ ሰው መቁጠር ላይ ነበር የተውኩት።»

ማስመሪያ ነገረቻት። አንዱን ቤት በሙሉ እንደ አንድ አባል ይዘሽ ከሌላው ቤት ጋር ብታሠሪው የሚወጣው ደግሞ ሌላ ቤት ነው፤ እንዲህ ከቤቶቹ አዲስ፣ ትንሽ ቡድን ይወለዳል። ይህ የሚሆነው ግን ንዑስ ቡድኑ ቤተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ካልሆነ ይደበላለቃል።

ጭራሮ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። «እንግዲህ የቤተኛውን ጠባይ አወቅኩ እንበል። ከቤቶቹ የተወለደውን የትንሹንም ጠባይ አወቅኩ። ሁለቱን ይዤ ትልቁን ቡድን መልሼ መግጠም እችላለሁ?»

ማስመሪያ ፊቷን አዞረች። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ማንም ሳይመራው ይህን የጠየቃት ተማሪ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ዛሬ በውጪ አገር ትልቅ ፕሮፌሰር ነው። እህቷ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው አቤቱታ ስትጽፍ ኖራ፣ አግዳሚ ላይ ቁጭ ባለች በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰችበት።

«ሁልጊዜ አይቻልም» አለች ሳትዞር። «ከእነዚያው ሁለት ክፍሎች የተለያዩ ቡድኖች ሊገጠሙ ይችላሉ።»

«እንዴት ሆኖ? እስቲ ምሳሌ ስጪኝ።»

ረዳቱ «የቀረ ተሳፋሪ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ምሳሌው ወረቀት ይፈልጋል። ማስመሪያ «እጽፍልሻለሁ» ብላ ስማት ተሳፈረች። መኪናው ከግቢው እስኪወጣ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ እጇን አወዛወዘች፤ ከዚያ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ እስከ መጀመሪያው ፌርማታ ድረስ አለቀሰች።

ቤቷ እንደገባች አዘጋጇን ጠርታ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ «ያን ሁሉ ክፍለ ጊዜ!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች፣ ቀጥላ እስክሪብቶዋን አወጣች። ከአንድ ዓመት በኋላ መዝገበ ቃላቱ ታተመ። «ቤተኛ» በሚለው ቃል ሥር የጭራሮ ሙሉ ስም አለ። ከስሙ ቀጥሎ ግን «የመጽሐፉ ታይፒስት» ይላል። ማስመሪያ ያን ለማስቀየር ሁለት ጊዜ ቢሮ ድረስ ሄዳ ነበር።

«ሌላ ምን ልበል?» አለቻት አዘጋጇ ተጨንቃ። «የሁሉንም ሰው በወቅቱ የነበረውን ሥራ ነው የጻፍኩት። በወቅቱ ሥራቸው ምን ነበር?»

ማስመሪያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ምሳሌውን ግን በተመለሰች ማግሥት በሦስት ገጽ ጽፋ ልካላት ነበር። ጭራሮ በሁለት ሳምንት መለሰች፤ ገብቷታል፣ ሌላ ጥያቄም አክላበታለች። ማስመሪያ የላከችላትን ሁለተኛ ደብዳቤም መለሰች። ሦስተኛው ሳይመለስ ሦስት ወር ሆነው። ማስመሪያ ደወለች።

«ደርሶኛል፣ እትዬ» አለች ጭራሮ። «ግን ዓይኔ ይደክማል። ቀኑን ሙሉ ፊደል ስመታ ውዬ ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ፊደል ማየት አልሆንልኝ አለ። ዱሮ ቢሆን…» አልጨረሰችውም። «አንቺ ግን አትተዪ። ጻፊልኝ፣ አስቀምጠዋለሁ።»

ማስመሪያ መጻፉን አልተወችም። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ትምህርት ታዘጋጃለች፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ለአንድ ጎበዝ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንደሚጻፍ አድርጋ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ፖስታ ቤት ሄዳ ትልከዋለች። ስልክ ሲደዋወሉ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ያወራሉ። አንብበሽዋል ወይ ብላ ግን አትጠይቃትም።